ኳስ የያዛት ልጅ፦ ስለ ታዳጊ ሴት ተጫዋቾች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከ9 እስከ 16 ዓመት ያሉ ሴት ልጆችን ኳስ ማሠልጠን ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። የወላጆች ጥያቄ ከዓመት ዓመት እምብዛም አይለወጥም፤ የእኔ መልስ ግን ተለውጧል። ድሮ «ልጄን እንዴት ትጉህ ላድርጋት?» ለሚለኝ ሰው ብዙ እዘበዝብ ነበር። አሁን ትጉህ ልጅ ሳይ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ሐሳብ «ይቺን ማን ይጠብቃት?» የሚል ነው። ለምን እንደሆነ ከታች ካሉት መልሶች ይገባችኋል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኳስ የሴት ልጅ ጨዋታ ነው እንዴ?

ይህ ጥያቄ ዛሬም ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ በአያት በኩል። አዎ፣ ነው። ሴቶች ወደ ሜዳው ዘግይተው የመጡ የሚመስለን ተከልክለው ስለነበር ነው። በ1920 በገና ማግሥት ሊቨርፑል ውስጥ ጉዲሰን ፓርክ የሴቶች ጨዋታ ለማየት 53,000 ያህል ሰው ገብቶ ነበር። በዓመቱ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ሴቶች በአባል ክለቦቹ ሜዳ ላይ እንዳይጫወቱ አገደ፤ እገዳውም 50 ዓመት ያህል ቆየ። ብራዚልም ከ1941 እስከ 1979 ድረስ ከልክላ ነበር። ብራዚላዊቷ ፎርሚጋ የተወለደችው በ1978፣ እገዳው ገና ሳይነሣ ነው። ይቺው ሴት ከ1995 እስከ 2019 ድረስ በ7 የዓለም ዋንጫዎች ተሰልፋለች።

በስንት ዓመቷ ብትጀምር ጥሩ ነው?

ኳስ አይታ እግሯ ከተንቀሳቀሰ በማንኛውም ዕድሜ። በ5 ዓመቷ የጀመረች ልጅ በ10 ዓመቷ ከጀመረችው በእርግጥ ትቀድማለች ማለት አይደለም። የአውስትራሊያዋ አጥቂ ሳም ኬር እስከ 12 ዓመቷ ድረስ ስትጫወት የነበረው ሌላ ጨዋታ ነው፤ ኳስ በእጅም የሚያዝበትን የአገሯን የአውስትራሊያ ፉትቦል።

አጀማመሩ ላይ ግን አትቸኩሉ። ከ8 ዓመት በታች ላሉት 3 ቁጥር ኳስ፣ ከ8 እስከ 12 ላሉት 4 ቁጥር፣ ከዚያ በላይ ላሉት 5 ቁጥር ነው የሚመከረው። 5 ቁጥር ኳስ ከ410 እስከ 450 ግራም ይመዝናል። እሱን ለ7 ዓመት ልጅ ሰጥቶ «ለምን አትመታም?» ማለት የአባቷን ጫማ አድርጋ ትሩጥ እንደማለት ነው። ሜዳውም እንደዚሁ ነው። 11 ለ11 በትልቅ ሜዳ ላይ ስትጫወት ኳስ የምትነካው አልፎ አልፎ ነው፤ 5 ለ5 ወይም 7 ለ7 ሲሆን ደግሞ ኳስ ሁሌ ከእግሯ ሥር ናት። ልጅ የምትማረው ኳስ እየነካች ነው።

ከወንዶች ጋር ብትጫወትስ?

ትጫወት። ከ2023 ጀምሮ ሦስት ጊዜ በተከታታይ የዓመቱን ምርጥ ተጫዋች ሽልማት፣ ባሎን ዶርን፣ የወሰደችው ስፔናዊቷ አይታና ቦንማቲ ወደ ባርሴሎና ታዳጊዎች ከመግባቷ በፊት ያደገችው ከወንዶች ጋር እየተጫወተች ነው። ብራዚላዊቷ ማርታም እንዲሁ፤ በሰፈር ሜዳ ከወንዶች ጋር ተጋፍታ አድጋ በ14 ዓመቷ ወደ ሪዮ ሄደች፤ በ2019 በዓለም ዋንጫ 17ኛ ግቧን ስታስቆጥር ወንድም ሴትም እዚያ የደረሰ አልነበረም። እስከ 11 እና 12 ዓመት ድረስ በጉልበትና በፍጥነት ያለው ልዩነት ይህን ያህል አይደለም። ከዚያ በኋላ ወንዶቹ ጡንቻ እያወጡ ስለሚሄዱ ግጭቱ ይከብዳል፤ ያን ጊዜ መወሰን ይቻላል።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። ከወንዶች ጋር ስትጫወት ኳስ ይሰጧታል ወይስ ለማሟያ ያህል ጥግ ላይ አቁመዋታል? ቁጭ ብላችሁ አንድ ግማሽ ጨዋታ ቁጠሩ። አራት ጊዜ ብቻ ከነካች ያ ሜዳ ለእሷ ትምህርት ቤት አይሆናትም።

ልጄ የእውነት ኳስ ወዳ ነው ወይስ እኛን ለማስደሰት? በምን ላውቅ?

ከሁሉም ጥያቄ የምወደው ይህን ነው፤ ደፍረው የሚጠይቁት ወላጆች ግን ጥቂት ናቸው።

ልምምድ አለመቅረት ምልክት አይደለም። ታዛዥ ልጅም አትቀርም። እኔ የማየው ማንም በማያያት ሰዓት የምታደርገውን ነው። ልምምድ ከመጀመሩ 15 ደቂቃ በፊት የሚደርሱ ልጆች አሉ። አንዷ ቁጭ ብላ ስልክ ታያለች፤ ሌላዋ ኳስ ከግድግዳ ጋር ታጋጫለች። የምትመታው በደካማ እግሯ፣ በግራዋ ከሆነ ጆሮዬን አቆማለሁ። በከንፈሯ እየቆጠረች ከሆነ፣ ሲያመልጣት ደግሞ «ኧረ!» ብላ ከአንድ ከጀመረች፣ እሷን ተዋት። ያ የራሷ ነው። ማንም አልሰጣትም፤ ማንም ሊጨምርላት አይችልም፤ ሊቀማት ግን የሚችል ብዙ ነው።

ሁለተኛው ምልክት ጥያቄ ነው። የራሷ ትጋት ያላት ልጅ «ለምን?» ትላለች። «ለምን ወደ ኋላ ልመልሰው? ፊት ለፊት ክፍት ነበር እኮ» ብላ ትከራከራለች። ለሌላ ሰው ብላ የምትጫወት ልጅ ደግሞ ከተሳሳተች በኋላ ወዲያው ወደ ሜዳ ዳር ታያለች፤ የአባቷን ፊት ለማንበብ። አንገቷ ሲዞር ካያችሁት ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

ሦስተኛውን ሰዎች በተቃራኒው ይረዱታል። አንዲት የ12 ዓመት ተከላካይ ነበረችን፤ ከሁሉ ቀድማ የምትመጣ፣ ከሁሉ በኋላ የምትሄድ። አንድ ቀን የግራ ታኬታዋ ክር ጥብቅ ብሎ ታስሮ የቀኙ ልል ብሎ አየሁት። «ጫማሽን እሰሪ» አልኳት። «ታስሯል» አለች። ጎንበስ ብዬ ልነካው ስል እግሯን ሸሸገች። ካልሲውን ስናወልቀው ቁርጭምጭሚቷ እንደ ኳስ አብጧል። ከወደቀች 5 ቀን ሆኗታል። እናቷም አላወቀችም፤ እኔም በዚያ ሳምንት ሁለት ጊዜ «ጎበዝ፣ እንደ እሷ ሁኑ» ብዬ ለሌሎቹ በምሳሌነት አቁሜያታለሁ። ያ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል። ትጉኋ ልጅ ሕመም ትደብቃለች፤ እኛ ደግሞ ያንን ድብቅ ነገር እናጨበጭብለታለን።

በሳምንት ስንት ሰዓት ልምምድ ይበቃል?

የስፖርት ሐኪሞች የሚሰጡት ቀላል ልኬት አለ፦ የሳምንቱ የተደራጀ ልምምድና ጨዋታ ሰዓት ከዕድሜዋ አይብለጥ። የ11 ዓመት ልጅ ከሆነች ከ11 ሰዓት በላይ አትሥራ። በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ዕረፍት ይኑራት፤ በዓመት ደግሞ በጠቅላላው 2 እና 3 ወር ያህል ከኳስ ትረፍ፤ አንድ ላይ መሆን የለበትም። ከመንደር ልጆች ጋር የምታደርገው ጨዋታ በዚህ ሒሳብ አይገባም፤ እሱን ተዉላት፤ ብዙውን ጊዜ ፈጠራዋ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ችግር የሚመጣው ልጅቷ ጥሩ ስትሆን ነው። የክለቧ ቡድን፣ የትምህርት ቤቷ ቡድን፣ የተመራጮች ቡድን፣ በዕድሜ ከሚበልጧት ልጆች ጋር «አንድ ሰው ጎድሎናል» ተብሎ የምትጠራበት ጨዋታ። እያንዳንዱ አሠልጣኝ የሚቆጥረው የራሱን ሰዓት ነው። ደምሮ የሚያየው ወላጅ ካልሆነ ማንም የለም። አንድ ወረቀት ላይ ጻፉትና ለሁሉም አሠልጣኞች አሳዩአቸው። የሚቆጣ ካለ ይቆጣ።

እንቅልፍም ከልምምድ ይቆጠራል። ከ6 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ላሉት ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው የሚመከረው። ሌሊት የጠላት ቡድን ቪዲዮ ስታይ የምታመሽ ልጅ ነገ ሁለተኛው ግማሽ ላይ እግሯ ይከዳታል።

ሌላ ስፖርት ትተው? ኳስ ላይ ብቻ ታተኩር?

እስከ 13 እና 14 ድረስ አያስፈልግም። ዝላይ፣ ዋና፣ ቅርጫት ኳስ፣ ጂምናስቲክ፣ ደስ ያላት ይሁን። አንድ እንቅስቃሴ ብቻ ዓመቱን ሙሉ የሚደጋግም ሰውነት አንድ ቦታ ላይ ያልቃል። ቅርጫት ኳስ የተጫወተች ልጅ ደግሞ ክፍተት ፈልጋ መቆምን ይዛልን ትመጣለች፤ እኔ እሱን ለማስተማር ሁለት ዓመት ይፈጅብኛል።

ምርጥ ነበረች፤ 12 ዓመት ሲሆናት ድንገት ብቃቷ ወረደ። ሰነፈች?

አልሰነፈችም። አደገች።

ሴት ልጅ በፍጥነት የምትመዘዘው በአማካይ 12 ዓመት ገደማ ላይ ነው፤ ከወንዶች ሁለት ዓመት ያህል ቀድማ። በዚያ ወቅት በአንድ ዓመት 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ልትጨምር ትችላለች። መጀመሪያ እግር ይረዝማል፤ ጡንቻው ይዘገያል። ትናንት የምታውቀው እግር ዛሬ የሌላ ሰው ይመስላታል። ኳስ ስታቆም ኳሷ ትሸሻለች፤ ስትዞር ሚዛን ትስታለች። ከጉልበት በታች ያለው አጥንት ወይም ተረከዝ ላይ ሕመም የሚጀምረውም በዚሁ ሰሞን ነው፤ አጥንት ገና እያደገ ባለበት ቦታ ላይ ጅማት ስለሚጎትተው። ይህ ሕመም እውነተኛ ነው፤ «የዕድገት ነው፣ ቻዪው» አይባልም፤ ሩጫና ዝላይ ቀንሶ ማሳረፍ ነው፤ ካልለቀቃት ሐኪም ያያታል።

እኔ በየሦስት ወሩ ቁመታቸውን በግብ ቋሚው ላይ በጠመኔ ምልክት አደርጋለሁ። ለልጆቹ ጨዋታ ነው፤ ለእኔ ማስጠንቀቂያ። ምልክቱ በአንድ ጊዜ ሁለት ጣት ከፍ ካለ ያቺን ልጅ ለተወሰነ ጊዜ ዝላይና ሩጫ አቀልላታለሁ፤ ሚዛንና ንክኪ እጨምርላታለሁ። ከሁሉ በላይ ግን እነግራታለሁ። «እግርሽ ቀድሞሻል፤ አንጎልሽ እስኪደርስበት ጠብቂው» ስላት አንዷ ስቃ «ስንት ቀን?» አለችኝ። ወራት ነው አልኳት። ፊቷ ላይ የታየው ዕፎይታ አይረሳኝም፤ ያበቃላት መስሏት ነበር ለካ።

በዚህ ዕድሜ ምርጫ የሚያደርግ አሠልጣኝ ሌላም ስሕተት ይሠራል። ቀድማ ያደገችው ጠንካራ ስለሆነች ጎበዝ ትመስላለች፤ በመዝገቡ ዓመት መጨረሻ ወር ላይ የተወለደችው ትንሿ ልጅ ደግሞ ሳትታይ ትቀራለች። ልጅዎ በ12 ዓመቷ ካልተመረጠች ያ ፍርድ አይደለም። ዘግይታ ያደገችው ልጅ በጉልበት ማለፍ ስለማይሆንላት በጭንቅላቷ ማለፍን ትማራለች፤ ያ ደግሞ ይቆያታል።

በወር አበባ ሰሞን ትጫወት?

ከፈለገች ትጫወት። አንዳንዷ ምንም አይመስላትም፤ ሌላዋን ሆዷንና ወገቧን ይቆርጣታል። የሚያሳስበኝ እሱ ሳይሆን ዝምታው ነው። ነጭ ቁምጣ ስለተሰጣት ብቻ ጨዋታ የቀረች ልጅ አውቃለሁ፤ ምክንያቱን የሰማሁት ከጓደኛዋ ነው። በቀጣዩ ወቅት ጥቁር ቁምጣ አሠራን፤ የእርዳታ ሳጥኑ ውስጥም ንጽሕና መጠበቂያ አስገባን፤ ማንም ማንንም ሳይጠይቅ እንዲወስድ። ትልልቆቹም ቡድኖች እዚህ የደረሱት ገና በቅርቡ ነው፤ የእንግሊዝ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን ነጩን ቁምጣ በሰማያዊ የቀየረው በ2023 ነው።

ለስፖርት የሚሆን ጡት ማስያዣም እንደ ታኬታ ዕቃ ነው፤ ቅንጦት አይደለም። ብዙ ልጆች በ13 ዓመታቸው ሩጫ የሚጠሉት በእሱ እጦት ነው።

15 ዓመት ሞልቷት ካልመጣ፣ ወይም መጥቶ ለ3 ወር ከጠፋ ግን ሐኪም ጋ ውሰዷት። «ስፖርተኛ ስለሆነች ነው» የሚለው ወሬ አደገኛ ነው። ብዙ ጊዜ የሚነግረን የምታወጣውን ያህል ጉልበት እንደማትመገብ ነው፤ ሰውነት የጎደለውን ሲቆጥብ መጀመሪያ የሚያጠፋው እሱን ነው፤ ቀጥሎ አጥንት ይሳሳል።

ምን ትብላ?

በቂ ትብላ። የምግብ ዝርዝር አልሰጥም፤ ታዳጊ ተጫዋች ሴት ላይ የማየው ችግር ብዙውን ጊዜ ምን እንደምትበላ ሳይሆን ማነሱ ነው። ልምምድ ከመጀመሯ ሁለትና ሦስት ሰዓት በፊት ምግብ፤ ከጨረሰች በኋላ ሳይቆይ ደግሞ ሌላ። የወር አበባ የጀመረች ልጅ ብረት ሊጎድልባት ይችላል፤ ደረጃ ስትወጣ የምታለከልክ፣ ሁሌ የደከማት፣ የገረጣች ከሆነ ደሟ ይታይ። እንክብሉን ግን ሐኪም ሳያዝ አትስጧት።

እባካችሁ፣ ስለ ክብደቷ በሜዳ ዳር አትናገሩ። በቀልድም ቢሆን። አሠልጣኝ ልጆችን ሰልፍ አስይዞ የሚመዝን ከሆነ ከዚያ ቡድን አውጧት።

ሴቶች ለምን ጉልበታቸው ቶሎ ይበጠሳል? መከላከልስ ይቻላል?

ኤሲኤል የሚባለው የጉልበት ጅማት ጉዳት በሴት ተጫዋቾች ላይ ከወንዶች በግርድፉ ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይበዛል። ብዙ ጊዜ ማንም አልነካቸውም። ሮጣ ልትቆም ስትል፣ አቅጣጫ ስትቀይር ወይም ከዝላይ በአንድ እግር ስታርፍ ጉልበቷ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ «ጧ» የሚል ድምፅ ሰማሁ ይላሉ። ስለ ዳሌ ስፋት፣ ስለ ሆርሞን፣ ስለ ጫማ ብዙ ይባላል። እኔ ሜዳ ላይ የማየው ሌላም አለ፤ ወንዶቹ ክብደት ማንሣትና ማረፍ ሲማሩ ሴቶቹ «ሩጡ» ብቻ ይባላሉ።

መልካሙ ዜና፣ መከላከል ይቻላል። ፊፋ 11 ፕላስ የሚባለው የማሟሟቂያ ልምምድ 15 እንቅስቃሴዎች አሉት፤ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ኳስ እንጂ ሌላ ዕቃ አይፈልግም። ስዊድን ውስጥ ከ12 እስከ 17 ዓመት ባሉ ሴት ተጫዋቾች ላይ የተሠራና በ2012 የታተመ ጥናት ደግሞ 15 ደቂቃ በሚፈጅ የጉልበት ቁጥጥር ልምምድ የኤሲኤል ጉዳት በ64 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ልምምዱ አስማት የለበትም፦ በአንድ እግር ቁጭ ብድግ፣ ወገብና ሆድ ማጠንከር፣ ዘሎ በለስላሳ ማረፍ። ቁም ነገሩ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሳያቋርጡ መሥራቱ ነው፤ ዝናብ መጣ፣ ሰዓት አለቀ ተብሎ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነውና።

ቤት ውስጥ ፈትሿት። ከአንድ ደረጃ ላይ ዘላ በሁለት እግሯ ትረፍ፤ ከፊት ሆናችሁ በስልክ ቅረጿት። ስታርፍ ጉልበቶቿ ሊሳሳሙ ከቀረቡ ሥራ አለባት። ቪዲዮውን ለራሷ አሳዩአት፤ አሥር ጊዜ ከመንገር አንዴ ማየቷ ይሻላል።

ከተበጠሰ በኋላስ? ቀዶ ሕክምና ካደረገች 9 ወር ሳይሞላት ወደ ጨዋታ አትመለስ፤ 9 ወሩም ብቻውን አይበቃም፤ የሁለቱ እግሮች ጥንካሬ መመጣጠን አለበት። ስፔናዊቷ አሌክሲያ ፑቴያስ በሐምሌ 2022 ጉልበቷን ተጎድታ የተመለሰችው በሚያዝያ 2023 መጨረሻ ነው፤ በዚያው ክረምት የዓለም ዋንጫ አነሣች። በ6 ወር ካልተመለስኩ የምትል ልጅ ካለቻችሁ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው ለጉልበትም ይሠራል።

የእንግሊዟ ተከላካይ ሉሲ ብሮንዝ በተሰበረ እግር ተጫውታ የለ እንዴ?

ተጫውታለች። በ2025 የአውሮፓ ዋንጫ ቅልጥሟ ላይ ስብራት ይዛ ውድድሩን እንደጨረሰች ከፍጻሜው በኋላ ተናገረች። በማግሥቱ ልምምድ ላይ ሦስት ልጆች ይህንኑ ነገሩኝ፤ ዓይናቸው እያበራ። የመለስኩላቸው ይህን ነው፦ እሷ 33 ዓመቷ ነው፤ አጥንቷ ማደግ ጨርሷል፤ ዙሪያዋን የሕክምና ባለሙያዎች ነበሩ። አንቺ 13 ነሽ፤ ዙሪያሽን ያለሁት እኔና አንድ በረዶ የያዘ ፌስታል ነን።

ቴስታ መምታት ጭንቅላቷን አይጎዳትም?

ለትንንሾቹ ባይመቱ ይሻላል። የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በ2015 ለ10 ዓመትና ከዚያ በታች ቴስታን ከለከለ፤ ከ11 እስከ 13 ላሉትም በልምምድ ላይ ገደብ አደረገ። እንግሊዝም በ2020 ለትንንሾቹ በልምምድ ላይ እንዳይሠራ አዘዘች።

ግን የአንጎል መናወጥ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከኳስ ሳይሆን ከጭንቅላት ለጭንቅላት ግጭት ወይም ከመሬት ነው። ተጋጭታ ከዞረባት፣ ካቅለሸለሻት፣ ውጤቱን ስትጠይቋት ከጠፋባት፣ ወይም እናንተ ከተጠራጠራችሁ፣ ከሜዳ ትውጣ። በዚያ ቀን አትመለስም። «ደህና ነኝ» ማለቷ ማስረጃ አይደለም፤ ትጉህ ልጅ ሁሌም ደህና ነኝ ነው የምትለው። ራሷን ስታ ከነበረ፣ ካስመለሳት ወይም ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ በቀጥታ ወደ ሕክምና።

(ከተጫዋች) ሁሌ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ነኝ። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ፣ እናትሽን አትላኪ። ራስሽ ሂጂና «ለመሰለፍ ምን ይቀረኛል?» ብለሽ ጠይቂው። ከጨዋታ በኋላ አይደለም፤ ያኔ ሁሉም ሰው ሞቆታል። ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ጠይቂ። «ጠንክረሽ ሥሪ» ብሎ ከሸኘሽ አልመለሰልሽም፤ «አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ» በዪው። ደካማ እግርሽ ከሆነ፣ ኳስ ከመምጣቱ በፊት ትከሻሽ ላይ ዞር ብለሽ አለማየትሽ ከሆነ፣ እሱን ይዘሽ ስድስት ሳምንት ሥሪ።

ወንበር ላይ ስትቀመጪ ደግሞ በአንቺ ቦታ የምትጫወተውን ልጅ ተመልከቻት። ተቃራኒ ተከላካይ በየት እግሯ ትደክማለች? ስትገቢ ማንም የማያውቀውን ታውቂያለሽ።

ይህን ሁሉ አድርገሽ አንድ ሙሉ ወቅት ካልተጫወትሽ ቡድን ቀይሪ። ታማኝነት ጥሩ ነው፤ በ13 ዓመት ግን ጨዋታ ይበልጣል።

ግብ ጠባቂ አድርገዋታል፤ አልወደደችውም።

እስከ 12 ዓመት ማንም ቋሚ ቦታ አይኖረውም፤ ሁሉም በየተራ ይቁም። ወድዳ ከቆመች ግን አታስወጧት፤ ግብ ጠባቂ ሆና መወለድ አለ ብዬ አምናለሁ፤ ትንሽ ለየት ይላሉ፤ መሬት ይወዳሉ።

አሠልጣኙ ይጮኻል። ልተወው ወይስ ልናገር?

ጩኸት ሁለት ዓይነት ነው። «ተመለሺ!» «ግራሽን እዪ!» ሜዳ ላይ ያለ ነው። «አንቺ የማትረቢ» የሚለው ግን ስፖርት አይደለም። የመጀመሪያውን ተዉት፤ ሁለተኛውን በዚያው ቀን ተናገሩ።

ከጩኸቱ ይልቅ ጸጥ ያለውን ፍሩ። አሠልጣኝ ለልጅቷ ብቻዋን ማታ ማታ መልእክት የሚልክላት፣ «ይህን ለቤት አትንገሪ» የሚላት፣ ስጦታ የሚሰጣት፣ ብቻዋን ይዟት የሚጓዝ፣ ዝግ ክፍል ውስጥ የሚያሻት ከሆነ፣ ዋንጫ ያመጣ ሰው መሆኑ ምንም ማለት አይደለም። ደንቡ ቀላል ነው፦ መልእክት ወላጅ ባለበት የጋራ መስመር ላይ ይጻፍ፤ ልጅና አሠልጣኝ ብቻቸውን በዝግ ቦታ አይሁኑ፤ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ስልክ አይወጣ። ክለቡ ደንብ ከሌለው ፊፋ በ2019 ያወጣው የልጆች ጥበቃ መመሪያ አለ፤ ከእሱ ይጀምር። እዚህም ላይ ትጉኋ ልጅ ናት የምትጋለጠው፤ ሕልሟን በእጁ የያዘ ሰው «ዝም በዪ» ሲላት ዝም ትላለችና።

አንድ ሰው መጥቶ «ውጭ አገር ክለብ አስገባታለሁ» አለን። እንመን?

ስንት ዓመቷ ነው? ከ18 በታች ከሆነች የፊፋ ደንብ ከአገር ወደ አገር ዝውውርን ይከለክላል። ከክልከላው ውጪ የሆኑት ጥቂት ናቸው፤ ወላጆቿ ከኳስ ጋር በማይገናኝ ምክንያት ወደዚያ አገር ሲዛወሩ፣ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከ16 እስከ 18 ባለው ዕድሜ፣ በድንበር አካባቢ መኖርና የመሳሰለው። ተወካይ ነኝ የሚለውም ሰው ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅን በወላጅ የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ መቅረብ አይችልም፤ እሱም በምትቀጠርበት አገር ሕግ የመጀመሪያውን የፕሮፌሽናል ውል ለመፈረም ከምትደርስበት ዕድሜ 6 ወር ሲቀረው ብቻ። «ለሙከራ ማስኬጃ» ብሎ ከእናንተ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ ውይይቱን እዚያው አቁሙ። ፓስፖርቷንም አትስጡ።

ትምህርቷስ?

አብሮ ይሄዳል። ማታ ማጥናት ካቃታት ሰዓቱ በዝቷል ማለት ነው፤ ከላይ ወዳልኳችሁ ወረቀት ተመለሱ። ውጤቷ ሲወርድ ልምምድ በመከልከል መቅጣትን ግን አልወደውም፤ ብዙ ጊዜ ቀኗን የያዘላት ያ ልምምድ ነው።

ፕሮፌሽናል ትሆናለች?

ምናልባት አትሆንም። ከሚጀምሩት እዚያ የሚደርሱት በጣም ጥቂት ናቸው፤ ይህን ደግሞ በ10 ዓመቷ አይቶ የሚያውቅ ሰው የለም፤ አውቃለሁ የሚላችሁ የሚሸጥላችሁ ነገር አለው። በሩ ግን ከበፊቱ ሰፍቷል። ከ17 ዓመት በታች የሴቶች የዓለም ዋንጫ በ2008 ሲጀመር በሁለት ዓመት አንዴ ነበር፤ ከ2025 ጀምሮ በየዓመቱ በ24 ቡድኖች ይካሄዳል። ለ16 ዓመት ልጅ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ የተወለደችበት ዓመት ከእንግዲህ አይጥላትም።

ማቆም እፈልጋለሁ አለች። ይህን ሁሉ ዓመት ደክመን!

«ላቁም» ያለችበትን ቀን ተመልከቱ። ከሽንፈት በኋላ ከሆነ ሁለት ሳምንት ጠብቁ። ጓደኛዋ ከቡድን ከወጣች በኋላ ከሆነ ጉዳዩ ኳስ አይደለም። ለወራት ስትለው ከቆየች፣ የልምምድ ቀን ሲደርስ ሆዷን የሚያማት ከሆነ ደግሞ ስሟት። «ኳስ ነው ወይስ ይህ ቡድን?» ብላችሁ ጠይቋት፤ መልሱ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው። የወቅቱን ጨዋታ ጨርሳ ቡድኗን ተሰናብታ ትውጣ። ኳሱን ግን ከቤት አታውጡባት። በ14 ዓመቷ አቁማ በ15 ዓመቷ ያለ ማንም ጥሪ የተመለሰች አማካይ አለችኝ፤ አሁን አምበል ናት።

ከጨዋታ በኋላ ወደ ቤት ስንሄድ ምን ልበላት?

ምንም። ወይም «ስትጫወቺ ማየት ደስ ይለኛል»። ስለ ተሳተው ግብ ከፈለገች ራሷ ታነሣዋለች፤ ብዙ ጊዜ ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ያን ጊዜም ካልጠየቀቻችሁ መልስ አትስጡ፤ ታኬታዋ ላይ ያለውን ጭቃ ብቻ ቤት ሳትገቡ እንድታራግፈው ንገሯት።